እናትሽን ይዘሽ ላኮክ ስትሄጂ

አንዲት እህት ከለንደን እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች። «እናቴ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ባዝ ከተማ ወስጄ ጃንሆይ በስደት የኖሩበትን ቤት ላሳያት ቃል ገብቼላታለሁ። እግረ መንገዳችንን አንድ የድሮ የእንግሊዝ መንደር ብናይ ደስ ይለኛል። መኪና የለኝም። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ፍልሰታንም ትጾማለች። የ9 ዓመት ልጅ አለኝ። የቱ መንደር ይሻላል? ሁለቱንም በአንድ ቀን አይቶ መመለስ ይቻላል?»

እህቴ፣ ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልንገርሽ። መንደሩ ላኮክ ይሁን። ከባዝ ጋር ግን በአንድ ቀን አትደርቢው። ለጃንሆይ ቤት አንድ ቀን፣ ለላኮክ ሌላ ቀን ስጪ። አንድ ሌሊት ባዝ ወይም ቺፕናም ማደር ከቻላችሁ ሁለቱም ሳይጨናነቁ ይታያሉ።

በዚህ ሥራ 11 ዓመት ቆይቻለሁ። ከአገር ቤት፣ ከአሜሪካና ከአረብ አገር የሚመጡ ቤተሰቦችን ይዤ ባዝንና ዙሪያውን አስጎበኛለሁ። ሁለቱን በአንድ ቀን የማጣደፍ ጥፋት እኔም ሠርቻለሁ። ከዓመታት በፊት ስምንት ሰው ይዤ ጠዋት ባዝ፣ ከሰዓት ላኮክ ብዬ ተነሳሁ። ባዝ ላይ ዘገየን። ላኮክ ስንደርስ ለጎብኚ የሚከፈተው የጥንቱ ገዳም ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። የገባንበት ሻይ ቤት ደግሞ የምሳ ሰዓት አልፏል አለን። አብረውን የነበሩት እናት ጾመኛ ናቸው፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው «እናንተ እዩ፣ እኔ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ» አሉ። ያ ሁሉ መንገድ የተሄደው ለእሳቸው ነበር። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ታመኛለች። ከዚያ ወዲህ ላኮክን ለብቻው ካልሆነ ሰው ይዤ አልሄድም።

ለምን ላኮክ? ላኮክ ዊልትሸር በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ከቺፕናም ከተማ በስተደቡብ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ቺፕናም ደግሞ ከለንደን ባዝ የሚሄደው ባቡር ባዝ ከመድረሱ በፊት የሚቆምባት ጣቢያ ናት። ብዙ ሰው ካስል ኩም የሚባለውን ሌላ መንደር ይመክርሻል። ውብ ነው፣ አልክድም። ግን ያለ መኪና መድረሱ ያስቸግራል። መኪና ቢኖርሽም ከማቆሚያው እስከ መንደሩ ቁልቁለት ነው፣ መመለሻው ዳገት። ለታመመ ጉልበት አይሆንም። ላኮክ ሜዳ ላይ ነው። አራት መንገዶች አሉት፣ አራቱም ተገናኝተው አራት ማዕዘን ይሠራሉ። ዙሪያውን በዝግታ ለመዞር ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ቤቶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም የናሽናል ትረስት ንብረት ናቸው። ናሽናል ትረስት የአገሪቱን ቅርስና መሬት የሚጠብቅ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ማቲልዳ ታልቦት የተባሉት ባለ ርስት በ1944 ገዳሙንም መንደሩንም ለማኅበሩ ሰጡ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) መንደሩ በጥንት መልኩ የቆየበት ምክንያት እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል። ለብዙ መቶ ዓመታት የአንድ ቤተሰብ ርስት ስለነበር እያንዳንዱ ሰው እንደፈለገ አፍርሶ አልሠራም። በ1841 የመጣው ባቡርም በቺፕናም በኩል አለፈ። ገበያውና ፋብሪካው ወደዚያ ሄደ፣ ላኮክ መንደር ሆኖ ቀረ። ዛሬ መንገዱ ላይ ቆመሽ ቀና ስትዪ የኤሌክትሪክ ሽቦ አታዪም፣ የቴሌቪዥን አንቴናም የለም። ፊልም ሠሪዎች የሚወዱት ለዚህ ነው። የሃሪ ፖተር ፊልም የተወሰነ ክፍል የተቀረፀው ገዳሙ ውስጥ ስለሆነ ልጅሽን ይህን ብቻ ብትነግሪው ጠዋት ቀድሞሽ ይነሳል።

እናትሽን ግን በቤት ውበት አታድክሚያቸው። በዚህ ሁሉ ዓመት ያየሁት ነገር አለ። አገር ቤት ያደጉ ሰዎች ላኮክ ሲገቡ ከእኛ ከልጆቻቸው ይበልጥ ይገባቸዋል። እኛ ጣሪያውንና አበባውን ፎቶ እናነሳለን። እነሱ ገዳሙን፣ የአስራቱን ጎተራ፣ የበጉን ግጦሽ ያያሉ፣ ምን እንደሆነም ሳይነገራቸው ያውቁታል። ስለዚህ ጉዞውን እሳቸው ይምሩት። አንቺ ታሪኩን በአማርኛ ይዘሽ ብቻ ጠብቂያቸው። አሁን የምጽፍልሽ ያንን ታሪክ ነው።

ከገዳሙ ጀምሩ። የመሠረተችው ኢላ የምትባል የሳልዝበሪ ባላባት ናት። ባሏ ዊልያም ሎንግስፔ የንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ልጅ ነው፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ። ሎንግስፔ ማለት ባለ ረጅሙ ሰይፍ ማለት ነው። በ1226 ሞተ፣ ሳልዝበሪ ካቴድራል ተቀበረ። ኢላ ብዙ ልጆች ይዛ ቀረች። ሌላ ባል አላገባችም። በ1232 በራሷ መሬት ላይ የሴቶች ገዳም አቆመች። ከዚያ እሷም መነኮሰች፣ ቀጥሎም የገዳሙ የመጀመሪያዋ እመ ምኔት ሆነች። በ1261 ስታርፍ እዚያው ተቀበረች።

ይህን ለፈረንጅ ቱሪስት ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ይፈጅብኛል። ምንኩስና ምንድን ነው፣ ባለጸጋ ሴት ለምን ሁሉን ትታ ትገባለች፣ እመ ምኔት ምን ትሠራለች ይሉኛል። ለእናትሽ ግን «ባሏ ሲሞትባት መነነች፣ ርስቷን ለገዳም ሰጠች» ካልሽ በቂ ነው። ቀሪውን እሳቸው ለልጅሽ ይነግሩታል።

መነኮሳቱ በሰልፍ ሲጸልዩ የሚመላለሱበት ባለ ቅስት መተላለፊያ እስከ ዛሬ አለ። ከቤቱ ሁሉ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። ድንጋዩ የማር መልክ አለው። ጣሪያው ላይ ቅስቶቹ በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ የመላእክትና የእንስሳት ምስል ተቀርጿል። ወለሉ ደልዳላ ነው፣ ጉልበት አያደክምም። በነሐሴ ሙቀት እንኳ ውስጡ ቀዝቃዛ ነውና ለእናትሽ ጋቢ ወይም ሹራብ ያዥላቸው። ከመተላለፊያው ወደ ውስጥ ሲገባ አንድ ክፍል ውስጥ ሰው ሊያቅፈው የማይችል የብረት ጋን ተቀምጧል። በ1500 ሜኸለን ውስጥ፣ በዛሬዋ ቤልጂየም፣ ቀልጦ የተሠራ ነው። ልጅሽ ከፊልሙ ያውቀዋል።

እናትሽ ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቁሻል፦ «ቤተ ክርስቲያኑስ የት አለ?» ሁሉም እናቶች ይጠይቃሉ። የለም። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከሮማ ከተለየ በኋላ የአገሪቱን ገዳማት ሁሉ ዘጋ፣ ርስታቸውንም ወረሰ። ላኮክ በ1539 ተዘጋ። በዓመቱ ዊልያም ሻሪንግተን የሚባል የቤተ መንግሥት ሰው በ783 ፓውንድ ገዛው። ቤተ ክርስቲያኑን አፈረሰ፣ የመነኮሳቱን መኖሪያ ግን የራሱ ቤት አደረገው። ይኸው ሰው በኋላ የብሪስቶልን የገንዘብ ማተሚያ ሲያስተዳድር በማጭበርበር ተይዞ ነበር፣ ምሕረት አግኝቶ ተፈታ። ከቤቱ በስተደቡብ ያለው ሣር ላይ ስትቆሙ የቆማችሁት ቤተ መቅደሱ በነበረበት ቦታ ነው። ከፊት ለፊታችሁ ያለው የቤቱ ግድግዳ የቤተ ክርስቲያኑ ሰሜናዊ ግድግዳ ነበር። አንዳንድ እናቶች እዚያ ሲደርሱ ዝም ብለው ያማትባሉ። ጊዜ ስጪያቸው።

ያንን ግድግዳ ልብ በዪው፣ የዚህ መንደር ትልቁ ታሪክ እሱ ላይ ነው።

ርስቱ ሲወርድ ሲዋረድ ታልቦት ለሚባል ቤተሰብ ደረሰ። ስለ ዝውውሩ የሚወራ ወግ አለ። ኦሊቭ ሻሪንግተን የምትባል የቤቱ ልጅ አባቷ የከለከላትን ጆን ታልቦት ስትወድ ከጣሪያ ላይ ዘልላ ወረደችበት፣ እሱም ሊሞት ደርሶ ነፍስ ዘራ፣ ከዚያ አባትዬው እሺ አለ ይላሉ። እውነትነቱን ለወግ ልተወው። መጋባታቸው ግን እርግጥ ነው።

ከዚያ ቤተሰብ በ1800 ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ተወለደ። ሂሳብ፣ ኬሚስትሪና የጥንት ቋንቋ የሚያጠና ሰው ነበር። ሥዕል ግን እጁ አልታዘዘለትም። በ1833 ጣሊያን አገር ኮሞ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ በመሣሪያ እየታገዘ ሊስል ቢሞክር አልሆን አለው። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣለት፦ ብርሃኑ ራሱ ወረቀቱ ላይ ቢስልስ? ላኮክ ተመልሶ ወረቀት የጨው ውሃ እየነከረ፣ የብር ናይትሬት እየቀባ ይሞክር ጀመር። እንዲህ የተዘጋጀ ወረቀት ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል። የመንደሩ አናጢ ትንንሽ የእንጨት ሣጥኖች ሠራለት። ሚስቱ የአይጥ ወጥመድ ትላቸው ነበር፣ ቤቱን ሞልተውት ነበርና።

በነሐሴ 1835 ከሣጥኖቹ አንዱን በዚያ ደቡባዊ ግድግዳ ላይ ወዳለች ትንሽ ባለ መረብ መስኮት አዞረ። ወረቀቱ ላይ መስኮቷ ተገልብጣ ወጣች፦ ብርሃኑ ጥቁር፣ ጥላው ነጭ ሆኖ። የፖስታ ቴምብር የምታክል ወረቀት ናት። በዓለም ላይ ተጠብቀው ካሉት የፎቶ ነጋቲቮች ሁሉ የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ታልቦት መጀመሪያ ስትሠራ ሁለት መቶ ያህሉ የመስኮቱ መስታወቶች በማጉያ ሊቆጠሩ ይችሉ ነበር ብሎ ጽፎባታል።

ፈረንሳይ ውስጥ ዳጌር የሚባል ሰው በ1839 የራሱን ዘዴ ሲያስታውቅ የሱ ምስል የሚወጣው ብረት ላይ ነበር። አንድ ምስል፣ አንድ ቅጂ። የታልቦት ዘዴ ግን ከአንዱ ነጋቲቭ የፈለጉትን ያህል ለማተም የሚያስችል ነው። ዲጂታል እስኪመጣ ድረስ አብዛኛው ዓለም ፎቶ ያነሳው በዚህ መንገድ ነው። የእናትሽ የሠርግ ፎቶ በነጋቲቭ ዘመን ተነስቶ ከሆነ ትውልዱ እዚህ መስኮት ላይ ይደርሳል።

መስኮቷ ዛሬም አለች። ፎቅ ላይ፣ ደቡባዊው አዳራሽ ውስጥ ናት። ብዙ ሰው አየት አድርጓት ያልፋል፣ በጣም ትንሽ ስለሆነች። ቀረብ በዪ። መስታወቶቹ በቀጭን ብረት የተያያዙ ትንንሽ ቁርጥራጮች ናቸው። ነሐሴ ላይ ስለምትሄዱ ብርሃኑ ታልቦት ያየው ዓይነት ነው። ልጅሽ መስታወቶቹን ይቁጠር፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ አስቆጥሪው። መግቢያው በር አጠገብ ባለው የድሮ ጎተራ ውስጥ ደግሞ በታልቦት ስም የተሰየመ የፎቶግራፍ ሙዚየም አለ። የእናትሽ ጉልበት ደረጃ መውጣት ካልፈቀደላቸው ሙዚየሙን ይዩ፣ መስኮቷንም ከታች ከሣሩ ላይ ሆነው ወደ ላይ ያያሉ። የቤቱ ፎቅ አንዳንድ ቀን ዝግ ስለሚሆን ከመነሳትሽ በፊት ጠዋት ስልክሽ ላይ አረጋግጪ።

ከገዳሙ ወጥታችሁ ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። በእንግሊዝኛ ቅዱስ ሲሪያክ ይሉታል። ይህን ለእናትሽ በስሙ ንገሪያቸው፦ ቂርቆስ ነው። ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ሰማዕት የሆነው ሕፃኑ ቂርቆስ። የመጀመሪያ ጊዜ ይህን ስሰማ እኔም ደነገጥኩ። እንግሊዝ ውስጥ በሱ ስም የተሠሩ ቤተ ክርስቲያናት ጥቂት ናቸው። የእናትሽ ሰፈር ቂርቆስ ከሆነ፣ ወይም ሐምሌ 19 ቁልቢ ወርደው ከሆነ፣ የሚሰማቸውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ሕንፃው መሠረቱ የኖርማኖች ዘመን ነው፣ አብዛኛው የሚታየው ክፍል ግን በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ነው፣ በበግ ጠጉር ገንዘብ። ያን ጊዜ ይህ አካባቢ ጠጉር ሸምኖ የሚሸጥ ሀብታም አገር ነበር። ነጋዴው ሲያገኝ ቤተ ክርስቲያኑን ያሳምር ነበር።

እናትሽ በሩ ላይ ጫማቸውን ሊያወልቁ ይሉ ይሆናል። ቢያወልቁም ማንም አይከፋም፣ ባያወልቁም ነውር የለውም። ወለሉ ግን ድንጋይ ስለሆነ ወፍራም ካልሲ ያድርጉ። ሻማ፣ ታቦት፣ መጋረጃ አይጠብቁ፣ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ነው። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ጸሎታቸውን ያድርሱ። ያ ሰዓት ለጉልበታቸውም ዕረፍት ነው።

ከዚያ ጎተራው አለ። በ14ኛው መቶ ዘመን የተሠራ የአስራት ጎተራ ነው። ገበሬው ካመረተው ከአሥር አንዱን ለገዳሙ እዚያ ያስገባ ነበር። ባዶ ነው፣ የመግቢያ ገንዘብ የለውም፣ ሰው አሻግሮ አይቶት ያልፋል። አንድ ጊዜ ከጎጃም የመጡ አባት ይዤ ገባን። እንደሌላው ሰው ፊት ለፊት አላዩም። ወዲያው ቀና ብለው ጣሪያውን ያዩ ጀመር። ምሰሶውን ዳበሱት። ወራጁና ማገሩ የተገናኙበትን በጣታቸው እያሳዩኝ «ምስማር የለውም እኮ፣ በእንጨት ችካል ነው ያጋጠሙት» አሉ። ከዚያ እንዴት እንደሚቦረቦር፣ ችካሉ ለምን ከምሰሶው ይልቅ ደረቅ መሆን እንዳለበት ነገሩኝ። በዚህ ሥራ ላይ ስንት ዓመት ቆይቼ ያንን መጋጠሚያ አላየሁትም ነበር። አሁን እንግዳ ሁሉ ይዤ ስገባ እሱን ነው የማሳየው።

ጎተራው አጠገብ አንዲት መስኮት የሌላት ትንሽ የድንጋይ ቤት አለች። ሰካራም እስኪበርድለት የሚታሰርባት የመንደር እስር ቤት ነበረች። ጆርጅ ኢን በሚባለው የድሮ መጠጥ ቤት ምድጃ ላይ ደግሞ መንኮራኩር አለ። ድሮ ውሻ እሱ ውስጥ እየሮጠ ሥጋ የሚጠበስበትን ብረት ያዞር ነበር። ለልጅሽ እነዚህን ሁለቱን አስቀምጪለት፣ ሲሰለቸው አውጪው። ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ ያለው ወንዝም አለ፦ መኪና ውሃውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት፣ እግረኛ በጠባብ የድንጋይ ድልድይ የሚሻገርበት። ቅያሪ ካልሲ ያዥለት።

አንድ አደራ። ቤቶቹ ውስጥ ሰው ይኖራል። ተከራይተው የሚኖሩ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው። መስኮቶቹ ከመንገዱ እኩል ስለሆኑ ዓይን ወደ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። በመስኮት አታጮልቁ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ፎቶ መነሳትም ይቅር። እናትሽ በር ላይ የቆመ ሰው ካዩ ሰላም ማለታቸው አይቀርም፣ እሱ ግን ይሁን። እኔ የማውቃቸው የመንደሩ ሰዎች ሰላምታ ይወዳሉ።

አሁን መንገዱ። ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ ቺፕናም በባቡር 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ትኬቱን ቀደም ብለሽ ቁረጪ፣ በዕለቱ ከተገዛ በጣም ይወደዳል። የቤተሰብ ሬልካርድ አውጪ። ልጅ አብሮ እስከሄደ ድረስ ለአዋቂዎቹ ከዋጋው ሲሶ፣ ለልጁ 60 በመቶ ይቀንሳል። ለእናትሽም ይሠራል፣ አንድ ካርድ እስከ አራት አዋቂና አራት ልጅ ይይዛል። የጠዋቱ የሥራ ሰዓት ካለፈ በኋላ ተነሱ።

ከቺፕናም ወደ ሜልክሻም የሚሄደው ኤክስ 34 አውቶቡስ ላኮክ ይቆማል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ለአውቶቡሱ ግን ከባቡር ጣቢያው ወደ ከተማው መሃል ትንሽ መራመድ አለ። ስለዚህ ለእናትሽ ስትዪ ሲሄዱ ታክሲ ያዙ፣ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። የመመለሻውንም ያኔውኑ ቅጠሪ። ላኮክ ውስጥ ቆሞ የሚጠብቅ ታክሲ የለም። አውቶቡስ ካሰብሽ የመጨረሻው ስንት ሰዓት እንደሆነ ከመነሳትሽ በፊት እይ። እሁድ አትሂዱ፣ ትራንስፖርቱ ያስቸግራል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ያለውን የባንክ ሆሊዴይ ቅዳሜና እሁድም ተዉት፣ መንደሩ በሰው ይጨናነቃል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ደህና ነው።

መንደሩን ለመዞር አይከፈልም። ገዳሙና ሙዚየሙ ይከፈልባቸዋል። የናሽናል ትረስት አባል ከሆንሽ በነጻ ነው። በዓመት ሦስት አራት ቦታ ለማየት ካሰብሽ አባልነቱ ያዋጣል፣ ለአንድ ቀን ብቻ ግን ትኬት ይሻላል።

ምግቡ የዚህ ጉዞ ቁልፍ ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ ማለትም ኦገስት 7 ይገባል። እናትሽ እንደ አገር ቤቱ እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በእኛ 9 ሰዓት ሲሆን የብዙ ቤቶች ኩሽና ምሳ ጨርሶ ይዘጋል። የሚቀረው ሻይና ኬክ ነው፣ ኬኩ ደግሞ ቅቤና እንቁላል። «ቪጋን» ብለሽ ጠይቂ፣ ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል። ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለበትም ወይ ብለሽም ድገሚ። እኔ ግን የምመክርሽ ምግቡን ከቤት እንድትይዙ ነው። የሽሮ ፍርፍር በዕቃ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሻይ በፔርሙዝ። ከገዳሙ ፊት ለፊት ሜዳ አለ፣ በጎች ይግጡበታል። እዚያ አካባቢ ቁጭ ብሎ እንደመብላት ያለ ነገር የለም። ቆሎው በፍጹም እንዳይረሳ።

ቀኑን እንዲህ ብታደርጊው ይመቻል። በእኛ 5 ሰዓት ገደማ ላኮክ ግቡ። መጀመሪያ የገዳሙን መተላለፊያ፣ ቀጥሎ መስኮቷን እዩ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ረዘም ያለ ዕረፍት። 9 ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ ምግብ። ጎተራውን፣ እስር ቤቱንና ወንዙን ለመጨረሻ አድርጉት፣ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። በፍልሰታ ሰሞን ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ስለሆነ አትቸኩሉ። ዝናብ ግን መቼም አይታመንም፣ ጃንጥላ ያዙ።

የባዙን ቀን በአጭሩ ልንገርሽ፣ እሱን አንቺም ታውቂዋለሽ። የጃንሆይ ቤት ፌርፊልድ ሃውስ ይባላል፣ ከከተማው መሃል ወጣ ብሎ ኒውብሪጅ የሚባል ሰፈር ነው። ጃንሆይ ከ1936 ጀምሮ በስደት ኖረውበታል፣ በ1940 ወደ ሱዳን እስኪሄዱ። በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ ሰጡት። ሁልጊዜ ክፍት አይደለምና ጎብኚ የሚቀበሉበትን ቀን አስቀድመሽ ጠይቂ፣ የላኮኩን ቀን በሱ ዙሪያ አስተካክዪው። የሮማውያኑን መታጠቢያ ካያችሁ ደግሞ እናትሽን አስቀድመሽ አሳውቂያቸው። ውሃው ከመሬት 46 ዲግሪ ሞቆ ይወጣል፣ ያው ፍልውሃ ነው፣ ግን አይገባበትም። ፎጣ ይዘው የመጡ እናት ገጥመውኛል፣ በጣም ነው ያዘኑት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ ይህን ዛሬውኑ አድርጊው። ለእናትሽ ደውዪላቸው። ከአልበሙ ኋላ ወይም ፎቶ ቤት በሰጣቸው ፖስታ ውስጥ ያስቀመጡት የቆየ ነጋቲቭ ካለ አንድ ቁራጭ ይዘው እንዲመጡ ንገሪያቸው። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የባለቤታቸውን ነጋቲቭ በመሐረብ ጠቅልለው አምጥተው ነበር። መስኮቷ ጋ ስንደርስ አወጡት፣ በሁለት ጣታቸው ዳሩን ይዘው ወደ ብርሃኑ አነሱት። ፊቱ ጥቁር፣ ጸጉሩ ነጭ ሆኖ ወጣ። የልጅ ልጃቸው ከሥር ቀና ብሎ እያየ «ይሄ ማነው?» አለ። እሳቸውም ይነግሩት ጀመር።